ለክቡር አቶ ሲሚንቶ (ባሉበት)

ጉዳዩ፦ ከአሮጌ ግንብ ላይ እጅዎን እንዲያነሱ ስለመጠየቅ

በእጥረቱ ጊዜ ቤት የጀመረ ምስኪን እርስዎን ለማግኘት ደብዳቤ አጽፎ፣ ማኅተም አስመትቶ፣ ወረፋ ጠብቆ ሲያበቃ «አልቋል» ይባል ነበር። ቅርስ ጋ ሲሆን ግን ያለ ወረፋ ከች ይላሉ። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ከመጠገኑ በፊት ፈቃድ ይጠየቅ ቢልም፣ እርስዎን ፎርም ማስሞላት ነውር ነው መሰል።

የሰሞኑማ ባሰ። በጀቱ ሰኔ 30 ሳይዘጋ ተብሎ አንድ ዕድሜ ጠገብ የኖራ ግንብ በጥድፊያ «ታደሰ»። ደህናውም የተጎዳውም ኖራ ከድንጋዮቹ መሀል በመሮ ተፈልፍሎ ተጣለ፤ አንድ እጅ እርስዎ ከሦስት እጅ አሸዋ ጋር ተቦክተው ተጠቀጠቁ። ሪባን ተቆረጠ፣ ፎቶ ተነሣ፣ ተጨበጨበ።

ከጭብጨባው በኋላ የሚሆነውን እኛ እንንገርዎ። ከመሬት የሚወጣውም ከላይ የሚሰርገውም እርጥበት ተንፍሶ የሚደርቀው በኖራው በኩል ነበር። እርስዎ መውጫውን ሲደፍኑት ውሃው በድንጋዩ ፊት ይወጣል። ይዞት የሚመጣው ጨው፣ ከፊሉ ከራስዎ የተቀዳ፣ ከድንጋዩ ቆዳ ሥር ደርቆ ይጠጥርና ፊቱን ቅርፊት በቅርፊት ይልጠዋል። ጥቂት ክረምት ሲያልፍ ድንጋዩ ጎድጉዶ እርስዎ ብቻ እንደ ገጣጣ ጥርስ አፍጥጠው ይቀራሉ። እናውጣዎት ቢባል የድንጋዩን ጠርዝ ይዘው ነው የሚወጡት።

ጠንካራ መሆንህን ማን ካደህ? ድልድይህን ሥራ፣ ኮንዶሚኒየምህን አቁም! በድንጋዮቹ መሀል ያለው መጋጠሚያ ከድንጋዩ መለስለስ ያለበት ጉዳቱን እሱ እንዲቀበል ነው። ኖራ ቢያልቅ ይተካል። መቶ ዓመታት የቆመ ጥርብ ድንጋይ በምን ይተካል? በአንተ?

ይቅርታ፣ ወደ «እርስዎ» እንመለስ። በጣልያን ወረራ ጊዜ ጎንደር ፋሲል ግቢ ገብተው የሠሩትንም አልረሳንም፤ በኋላ የመጡት ጠጋኞች ወደ ኖራ ተመልሰዋል።

ኖራ ቀርፋፋ ነው ይሉናል። ነዋ! ውሃ ጠጥቶ ከፈላ በኋላ ሳምንታት ጉድጓድ ውስጥ በውሃ ሥር ይተኛል፤ ከታጠበ አሸዋ ጋር አንድ ለሦስት ይቦካል፤ ድንጋዩ ረጥቦ በስሱ በስሱ ይጠቀጠቃል፤ ፀሐይ እንዳይሰነጥቀው በእርጥብ ጆንያ ይሸፈናል፤ ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ቀስ ብሎ ይጠነክራል። ሳይጠነክር ዝናብ ከመታው ይታጠባል። ስለዚህ ሥራው ከጥቅምት በኋላ ነው እንጂ ሰኔ ላይ አይሆንም።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለኖራ፣ ጉድጓድ ውስጥ ባለበት
ለበጀት ክፍል፣ ሰኔ ሳይደርስ እንዲያውቀው