ድርጅታችሁ ደንበኛውን «አንተ» ነው ወይስ «እርስዎ» የሚለው?

እናቴ በቀደም ስልኳን ይዛ መጣችና «ማነው እንዲህ የሚያዘኝ?» አለችኝ። የባንኳ መተግበሪያ ነው። «የይለፍ ቃል አስገባ» ይላል፤ ዝቅ ብሎ ደግሞ «ላክ»። ያውም በወንድ አንቀጽ። ያው ባንክ ጠዋት በላከላት አጭር መልእክት «ውድ ደንበኛችን፣ ሂሳብዎ» ብሏታል፣ ፌስቡክ ላይ ደግሞ «እንዴት ናችሁ ቤተሰብ!» ይላል። አንድ ባንክ፣ ሦስት ሰው።

እኛ ዘንድ ብራንድ ሲባል ቶሎ የሚታሰበው ሎጎ ነው። ለሎጎ ገንዘብ ይወጣል፣ ስብሰባ ይጠራል፣ አረንጓዴው ይድመቅ አይድመቅ ተብሎ ስንት ክርክር ይደረጋል። ደንበኛውን ምን ብለን እንጥራው የሚለውን ግን የሚያነሳው የለም። እንግሊዝኛ በአንድ «ዩ» ይገላገላል። አማርኛ ግን ገና አፋችሁን ስትከፍቱ ያስመርጣችኋል፦ አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ፣ እናንተ። ድርጅቱ ቁጭ ብሎ ካልመረጠ፣ መተግበሪያውን የሚሠራውም፣ ማስታወቂያ የሚጽፈውም፣ ስልክ የምታነሳውም እያንዳንዱ እንደመሰለው ይመርጣል፤ የእናቴ ግራ መጋባትም ከዚያ የመጣ ነው።

እኔ ለባንክና ለሆስፒታል «እርስዎ» ይሻላል ባይ ነኝ። ክብሩ ብቻ አይደለም። «ያስገቡ» ሲባል ወንድ ሴት አይለይም። ለወጣቶች ልብስ የሚሸጥ ሰው «እናንተ» ቢል ያምርበታል። ቁልፎች ላይ ደግሞ «መላኪያ»፣ «መግቢያ» ማለት ይቻላል፤ ማንንም አያዝም፣ ማንንም አያስቀይምም።

የቃል ምርጫም አለ። ኢትዮ ቴሌኮም በግንቦት 2013 ዓ.ም. የጀመረው ቴሌብር፣ በኋላ ብድርና ቁጠባ ሲጨመርበት አገልግሎቶቹ «መላ»፣ «እንደኪሴ»፣ «ሳንዱቅ» ተባሉ። ደስ ይላል። «እንደኪሴ» እኮ ሰው ሱቅ ቆሞ የሚናገረው ቃል ነው፤ ማንም ሳያስረዳው ይገባዋል። ይህን የመሰለ ስም አውጥቶ ከሥሩ ያለውን ማብራሪያ በደብዳቤ አማርኛ መጻፍ ግን ስሙን ማባከን ነው። ፊደሉም እንዲሁ፤ «ሂሳብ» ወይስ «ሒሳብ»? አንዱን ይዞ መጽናት ነው።

ወደ መልኩ ስንመጣ፣ አብዛኛው ሎጎ መጀመሪያ በላቲን ፊደል ይሠራል። አማርኛው መጨረሻ ላይ ኮምፒውተሩ ላይ በተገኘው ፊደል ይለጠፋል፣ ካልበቃም በጎን ይጎተታል። ይሄ ያናድደኛል። የግዕዝ ፊደል ትልቅና ትንሽ የሚባል የለውም፣ ስለዚህ እንግሊዝኛው በትልልቅ ፊደል የሚያገኘውን ጉልበት በሌላ መንገድ መፈለግ ያስፈልጋል፦ በመጠን፣ በቀለም፣ በክፍተት። ዝም ብሎ ማወፈር አያዋጣም። «ሉ» እና «ሊ»ን የምትለየው በጎን ያለችው ትንሽ ቅጥል ናት፤ ትንሽ ጠርሙስ ላይ ወፍራም አድርጋችሁ ካተማችኋት ትዋጣለች። እቃው ሳይታተም በፊት በትክክለኛ መጠኑ አውጥታችሁ፣ ራቅ ብላችሁ አንብቡት።

መጽናት ምን እንደሚያስገኝ ለማየት የኢትዮጵያ አየር መንገድን ማየት ነው። ቦይንግም ይሁን ኤርባስ፣ ጅራቱ ላይ ያሉትን አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ውጭ አገር ኤርፖርት ቆሞ በመስታወት ያየ ኢትዮጵያዊ ስሙን እስኪያነብ አይጠብቅም። የበረራ መጽሔቱ ስም እንኳ «ሰላምታ» ነው።

ትልቅ በጀት አይጠይቅም። አንድ ገጽ ይበቃል፦ ደንበኛውን ምን እንደምትሉት፣ የትኞቹን ቃላት እንደምትጠቀሙ፣ በየትኛው ፊደልና ቀለም እንደምትጽፉ። ስትጽፉት ግን ከደንበኛ ጋር ቀኑን ሙሉ የምትውለውን ገንዘብ ከፋይ ጥሯት። ሰው ሲናደድም ሲደሰትም ምን እንደሚባል የምታውቀው እሷ ናት።

እናቴ እስካሁን ገንዘብ መላክ ስትፈልግ ስልኩን ለእኔ ነው የምትሰጠኝ። ቁልፉ ላይ አሁንም «ላክ» ይላል።