ከላይ ቡልኮ፣ ከታች ጤዛ

በባሕር ዳርና በጣና ሐይቅ ዙሪያ ቅዳሜና እሑድን በድንኳን የሚያድር ትውልድ ተነሥቷል፤ እሰየው የሚያሰኝ ነው። በዘጌ ጫካ ጥግ፣ በጎርጎራ ዳርቻ፣ ዓባይ ከጣና ተላቅቆ መንገዱን በሚጀምርበት አካባቢ ሳይቀር ቢጫና ሰማያዊ ድንኳን ማየት ብርቅ አይደለም። እኔ ግን ዛሬ ብዕሬን ያነሣሁት ድንኳኑን ለማወደስ አይደለም። የማወድሰው በድንኳኑ ውስጥ የሚፈጸመውን ገድል ነው፤ ሦስት ብርድ ልብስ ከላዩ ደራርቦ ከጀርባው በታች ግን አንዳች ነገር ሳያነጥፍ የሚተኛውን ጀግና።

ጀግና ማለቴ ማጋነን አይምሰላችሁ። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠ ሐይቅ ነው። ከተማዋ ዘንባባዋን አሰልፋ ቀን ቀን በላብ ስለምታጠምቀን ቆላ ትመስለናለች እንጂ፣ በታኅሣሥና በጥር ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች የሚወርድበት ጊዜ አለ። ዳርቻው ደግሞ ረባዳ ነው፤ ቀዝቃዛ አየር ቁልቁል ወርዶ የሚያርፈው እዚያው ነው። በዚህ መሬት ላይ በአንዲት ስስ ናይሎን ብቻ ከአፈር ተለይቶ ማደር የቅዱሳንን ትዕግሥት ይጠይቃል። «አፈር ነህና ወደ አፈርም ትመለሳለህ» የተባለውን ቃል ሌላው ሰው ቀኑ ሲደርስ ይፈጽመዋል፤ የእኛ ወጣቶች ግን በየሳምንቱ ይለማመዱታል።

የዝግጅታቸውን ጥንቃቄ በዓይኔ አይቼ ተደንቄያለሁ። የመኪናው የኋላ በር ሲከፈት መጀመሪያ የሚወርደው ድምፅ ማጉያው ነው፤ እሱም በስፖንጅ ተጠቅልሎ፣ ከሥሩ ሌላ ስፖንጅ ተነጥፎለት። «ወንድሜ፣ ቀስ! ባዶ መሬት ላይ እንዳታስቀምጠው፤ እርጥበት ይገባበታል!» ሲል አንዱ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ይህን ያለው ልጅ እኩለ ሌሊት ላይ ምን ላይ ተጋድሞ እንደነበር መናገር አያስፈልገኝም። ከድምፅ ማጉያው ቀጥሎ የከሰል ምድጃው፣ ረከቦቱ፣ የቢራው ካርቶን፣ በገመድ የሚንጠለጠሉት ባለ ቀለም መብራቶች በየተራ ይወርዳሉ። ፍራሽ ግን «ቦታ ይይዛል» ተብሎ ቤት ቀርቷል። ካርቶኑም ቢሆን ጠርሙሱ እንደወጣ ተቀዳዶ ለእሳት ማቀጣጠያ ይሆናል። ተደራርቦ ከወገብ በታች ቢነጠፍ እስኪነጋ ሊያገለግል የሚችል ነገር በአምስት ደቂቃ ነድዶ ያልቃል። እውነቱን ለመናገር፣ እነዚያ አምስት ደቂቃዎች በጣም ይሞቃሉ።

በዚህ መካከል አዋቂ ነን ባዮች ብቅ ይላሉ። እነርሱን አለመስማት ነው። እንደ አዋቂዎቹ አባባል ብርድ ልብስም ሆነ የመኝታ ከረጢት የሚያሞቀው በክሩና በጥጡ መካከል አምቆ በያዘው አየር ነው፤ ሰው ሲተኛበት የታችኛው ክፍል ተጨፍልቆ አየሩ ይወጣል፤ ያን ጊዜ ከሥር የሚቀረው ጨርቅ ብቻ ይሆናል። መሬት ደግሞ የገላን ሙቀት በንክኪ ይወስዳል፤ እርጥብ ከሆነ ይብስበታል። ስለዚህ አራተኛውን ብርድ ልብስ ከላይ ከመደረብ አጥፎ ከታች ማንጠፍ ይሻላል ይላሉ። ምን ዓይነት ለታይታ የማይመች ምክር ነው! ከላይ የተደረበ ቡልኮ ይታያል፤ ነጭ ነው፣ ጥለቱ ያማረ ነው፣ ለፎቶግራፍ ግርማ ይሰጣል። ከሥር የተነጠፈውንስ ማን ያየዋል? ማንም ያላየው ሙቀት ደግሞ ምኑ ሙቀት ነው?

ፈረንጅማ በዚህ ጉዳይ አእምሮውን ስቷል። አንድ ንጣፍ የመሬትን ቅዝቃዜ የሚመክትበትን አቅም «አር» በሚሉት ቁጥር ይለካል። ኤኤስቲኤም የተባለው የደረጃ አውጪ ድርጅት አምራቾች ሁሉ በአንድ ዓይነት መንገድ እንዲለኩ በማለት እ.ኤ.አ. በ2018 ራሱን የቻለ መመዘኛ አውጥቶለታል። ተጠቅልሎ የሚያዘው ድፍን የስፖንጅ ምንጣፍ 2 ገደማ ያገኛል፤ ውርጭ ላለበት ሌሊት 4 እና ከዚያ በላይ ይመከራል፤ ሁለት ንጣፍ ሲደራረብም ቁጥሩ ይደመራል። እስቲ ይህ የጤና ነው? ሰው ተጋድሞ የሚያድርበትን ነገር በላቦራቶሪ ይለካል? እኛ ከታች ዜሮ ይዘን ስንት ሌሊት አድረናል! መተኛቱ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ማደሩን ግን አድረናል።

ከሁሉ የሚልቀው ግን ለደንገል ያላቸው ክብር ነው። በጣና ዳር ያደረ ሰው ታንኳን ሳያደንቅ አይመለስም። ይህ ጀልባ ደንገል ታጭዶ፣ ደርቆ፣ ተጠፍሮ የሚሠራ ነው። የሚንሳፈፈውም የደንገሉ አገዳ ውስጡ አየር ያዘለ ለስላሳ ስለሆነ ነው፤ ውኃ እየጠጣ ሲከብድ ዳር ተጎትቶ ፀሐይ ይመታል፣ ሲደርቅ ተመልሶ ይቀልላል። ሰውን ውኃ ላይ ያንሳፈፈው አየር ሰውን ከቀዝቃዛ መሬትም ይለያል፤ ይህን ለማወቅ ላቦራቶሪ መግባት አያስፈልግም፤ ዳር ላይ ማርጀት ይበቃል። አመሻሹ ላይ አንድ ሽማግሌ ታንኳ ሠሪ ልጆቹ ድንኳን ሲተክሉ ቆመው ሲያዩ ቆዩና ከትርፍራፊው አንድ ሸክም ደረቅ ደንገል ይዘው መጡ። «ልጆቼ፣ ይችን ከሥራችሁ ጎዝጉዟት። መሬቱ ሌሊት ሙቀታችሁን ይጠጣዋል» አሏቸው። ልጆቹ አስተዳደጋቸው የተመሰገነ ነውና ሁሉም ብድግ ብለው «እግዚአብሔር ይስጥልን አባባ» አሉ፤ ሸክሙንም በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። ከዚያም ደንገሉን በድንኳኑ በር ግራና ቀኝ አቁመው ፎቶግራፍ ተነሡበት። ውስጡን ለማሳመር ደግሞ ገና ከውኃው ዳር የታጨደ፣ ጠብ ጠብ የሚል ቄጠማ ጎዘጎዙ። ደረቁ ለዓይን፣ እርጥቡ ለገላ! እንዲህ ያለ የሥራ ክፍፍል በየትኛውም አገር አልታየም።

ከእነዚህ ጋር ሲነጻጸሩ የቀደሙት ሰዎች ምን ያህል ምቾት ወዳድ እንደነበሩ ሳስብ አፍርላቸዋለሁ። መደብ ላይ ለመተኛት እንኳ ቁርበት ያነጥፉ ነበር፤ በቁርበቱ ላይ አጎዛ፣ በአጎዛው ላይ ሌላ ነገር። የቆሎ ተማሪ እንጀራ ለምኖ የሚበላ ድኻ ሲሆን ደበሎውን ግን አይለይም፤ ቀን ይለብሰዋል፣ ማታ ይተኛበታል። ጥር 10 በከተራ ዕለት ከታቦታቱ ጋር ውኃ ዳር የሚያድሩትን እናቶች ተመልከቱ፦ ገና ቦታ ሳይዙ ሰሌናቸውን ይዘረጋሉ፣ ከሰሌኑ ላይ አጎዛ ይጥላሉ፣ ከዚያ በኋላ ነው ጋቢ የሚያስታውሱት። ቅደም ተከተሉ እንዴት እንደተገለበጠ አያችሁ? ንጋት ላይ ደግሞ ድምፃቸው ሳይሰልል እልል ይላሉ። ይህ ከልምድ ማነስ የመጣ ሳይሆን አይቀርም።

ዝናብ ሲመጣ የእኛዎቹ ጥበብ ይበልጥ ይገለጣል። ከድንኳኑ ሥር ሸራ ማንጠፍ ተገቢ ነው፤ ይህንስ አልነፈጉትም። ነገር ግን ሸራው ከድንኳኑ ወለል ጠበብ ብሎ፣ ጠርዙም ወደ ውስጥ ገብቶ መታጠፍ አለበት የሚለውን ንፉግነት አይቀበሉም። በየአቅጣጫው ግማሽ ሜትር ያህል አስተርፈው ይዘረጉታል። ከድንኳኑ ጣሪያ የሚወርደው ውኃ በዚያ ትርፍ ላይ ይቆማል፤ ከዚያም በሸራውና በወለሉ መካከል ቀስ እያለ ይገባል። በዚህ መንገድ ሐይቁ ድረስ መሄድ የማይችል እንግዳ በተኛበት ጣናን ያገኘዋል።

የቦታ አመራረጣቸውንም ሳላነሣ አላልፍም። «እዚህ ጋ መሬቱ ለስለስ ይላል» ተብሎ በደስታ የተመረጠው ቦታ ጉማሬ ሌሊት ለግጦሽ የሚወጣበት መንገድ ሆኖ ተገኝቷል። በዚያች ሌሊት እንኳን ንጣፍ ጫማም ያስታወሰ አልነበረም።

ብርዱ ሲጠና መላ አይጠፋም። በመጀመሪያ የድንኳኑ መተንፈሻ በሙሉ ይዘጋል። አራት ሰው ሌሊቱን ሙሉ የተነፈሰው እንፋሎት መውጫ ሲያጣ ቀዝቃዛውን ጣሪያ ነክቶ ውኃ ይሆንና በቡልኮው ላይ ይንጠባጠባል፤ ከታች የረጠበው ከላይም እንዲረጥብ ሆኖ ፍትሕ ይሰፍናል። ቀጥሎ አረቄ ይቀርባል። አረቄ ደምን ወደ ቆዳ ስለሚያወጣ ገላው የሞቀ ይመስለዋል፤ በውስጥ የነበረው ሙቀት ግን ወደ ቆዳ በወጣ ቁጥር ለመሬቱ ይቀርባል። መሬቱም የቀረበለትን አይመልስም።

ሲነጋ ሁሉም ወገቡን ይዞ ይወጣል። ምርመራው የሚካሄደው ቡና እየተፈላ ነው። አንዱ «የጣና ነፋስ መታኝ» ይላል፤ ሌላው ምች ነው ብሎ ዳማከሴ ፍለጋ ይላካል፤ ሦስተኛው የማታውን ዓሣ ይጠረጥራል። ነፋሱ ተከሰሰ፣ ዓሣው ተከሰሰ። ሌሊቱን ሙሉ ከጀርባቸው ጋር ተጣብቆ ያደረው መሬት ብቻ ስሙ ሳይነሣ ቀረ። ድምፅ ማጉያው በበኩሉ ከስፖንጁ ሲወጣ ደረቅ ነበር፤ ድምፁም ጥርት ያለ ነበር።

ሰሞኑን ደግሞ በነሐሴ ወደ ፎገራ በኩል ሊወጡ እንደተዘጋጁ ሰማሁ። የፎገራ መሬት ጥቁር ዋልካ አፈር ነው፤ ክረምቱ ሲጠና የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው ሜዳውን ውኃ ያለብሱታል። ነገሩ አሳስቦኝ የቡድኑን መሪ አገኘሁና «ልጄ፣ ከታችስ ምን አሰባችሁ?» አልኩት። በትሕትና ጎንበስ ብሎ ፈገግ አለ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ምንም አያስቡ፤ ሁለት ቡልኮ ጨምረናል» አለኝ።