ሳሎን የወረሱ ረጃጅም ስፒከሮች

አንድ አባወራ ኮርኒስ ሊነኩ ጥቂት የቀራቸውን የላይን አሬይ ስፒከሮች (ትንንሽ ድምፅ ማውጫዎች ከላይ እስከ ታች በአንድ መስመር የተደረደሩባቸውን) ወደ ቤቱ ያስገባ ዕለት የሳሎኑ ይዞታ ከቤተሰቡ ወደ ሁለቱ ረጃጅሞች ይዛወራል። እነሱም እንደ ሌላው የቤት ዕቃ ግድግዳ ተደግፈው መቆምን አይወዱም። አንድ ሜትር ያህል ወደ ፊት ቢመጡ፣ ወደ ኋላ የሄደው ወፍራም ድምፅ ግድግዳውን ነክቶ ሲመለስ 86 ኸርዝ (በሰከንድ 86 ንዝረት) አካባቢ ከፊተኛው ጋር ተጣልቶ ይጠፋፋል፤ ወደ ግድግዳው ቢጠጉ ደግሞ ቤዙ ያብጣል። ስለዚህ አባወራው ሜትር ይዞ ሲጎትትና ሲገፋ ያመሻል፤ ሶፋው፣ መደርደሪያውና ሶፋው ላይ የተቀመጡት አማቱ በየተራ ቦታ ይለቃሉ።

ቀጥሎ የጎን ግድግዳው ጉዳይ ይመጣል። አባወራው ከወንበሩ ሳይነሳ ልጁ መስታወት ይዞ በግድግዳው ላይ እንዲያንሸራትት ይታዘዛል፤ በመስታወቱ ውስጥ ስፒከሩ የታየበት ቦታ ድምፁ ነጥሮ የሚመለስበት ነውና ድምፅ የሚመጥ ነገር ይለብሳል። ተራ ስፒከር ቢሆን አንድ ሰሌዳ በበቃ ነበር፤ ይህ ግን እንደ ቁመቱ ነጸብራቁም ረጅም ስለሆነ ወደ ላይና ወደ ታች ረዘም ያለ ሽፋን ይጠይቃል። የሠርጉ ፎቶግራፍ የተሰቀለው፣ እንደ ተለመደው፣ በትክክል እዚያ ላይ ነው። ወለሉና ኮርኒሱ ግን ረጅም መስመር ድምፁን ወደ ላይና ወደ ታች እምብዛም ስለማይበትን በነፃ ይሰናበታሉ።

ሙዚቃው ሲጀመር ለቀሪው ቤተሰብ ማምለጫ የለም። የተራ ስፒከር ድምፅ በገላጣ ቦታ ርቀቱ በእጥፍ በጨመረ ቁጥር በ6 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ሲቀንስ፣ የረጅሙ መስመር ድምፅ በቅርብ ርቀት የሚቀንሰው በ3 ብቻ ነው፤ ጩኸቱን ሸሽቶ ወደ ሳሎኑ ጥግ የሄደ ሰው ያተረፈው መራመዱን ነው። ለሚያዳምጥ ሰው ይህ ቸርነት ነው፤ ጆሮው ከመስመሩ ቁመት እስካልወጣ ድረስ ቢቀመጥም ቢቆምም እኩል ይሰማል። አባወራው ግን ግራና ቀኙ የሚመዛዘኑት መሀል ላይ ብቻ መሆኑን አስታውሶ፣ ለቤት ሁሉ የሚበቃውን ድምፅ በአንዲት ወንበር ይወስነዋል። እንግዳም በተራው እዚያች ወንበር ላይ ይቀመጥና ስፒከሩ በሁለት ሳንቲሜትር ሲዞር ለውጡን እንዲመሰክር ይጠየቃል። ራቱ ገና አልቀረበምና ይመሰክራል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ሊነካ የሚገባው ወንበሩ ነበር። ርዝመቱ 5 ሜትር በሆነ ክፍል እኩሌታ ላይ የተቀመጠ አድማጭ 34 ኸርዝ አካባቢ ያለው ድምፅ እጅግ ሳስቶ ይደርሰዋል፤ ግማሽ ሜትር ወደ ኋላ ቢል ግን የጎደለው ቤዝ ይመለስለት ይጀምራል፤ ይህንንም ሕፃን ልጅ በአንድ እጁ ገፍቶ ሊያደርግለት ይችላል። ነገር ግን ወንበር ለመግፋት ጎረቤት ጠርቶ «እስቲ በዚህ በኩል ያዝልኝ» ማለት ስለማይቻል፣ ሁለቱ ረጃጅሞች ዛሬም እንደገና ይጎተታሉ።