ማዕከሉ እስኪገነባ «በቃኝ» ያለው ሰው የት ይሂድ?

በወሎ ከተሞች ስለ ሱስ በተነሣ ቁጥር «የማገገሚያ ማዕከል ይገንባልን» የሚል ጥያቄ ይደጋገማል። ጥያቄው ትክክል ነው። ነገር ግን ማዕከል መሬትና በጀት ይፈልጋል፣ ዓመታትም ይወስዳል። አረቄ የጎዳው ሰው ግን ዛሬ ማታ «በቃኝ» ሊል ይችላል። ያ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት የሚያስፈልገውን እርዳታ ደሴም ወልድያም ባሉት ሆስፒታሎች መስጠት ይቻላል ብዬ አምናለሁ። ይህን ለመጀመር አዲስ ሕንፃ መጠበቅ የለብንም።

ቤተሰብ «በቃኝ» የሚለውን ቃል ሲሰማ ሐሳቡን ሳይለውጥ በሚል ይጣደፋል። በር ይዘጋበታል፣ ወይም በማግስቱ ጸበል ይወስደዋል፣ ወይም ሼሁ ዘንድ ሄዶ ዱዓ ያስደርግለታል። አደጋው የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ለዓመታት በየቀኑ ብዙ አረቄ ሲጠጣ የኖረ ሰው በአንድ ጊዜ ሲያቆም ሰውነቱ ይናወጣል። ከመጨረሻው መለኪያ በኋላ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፣ ያስመልሰዋል፣ እንቅልፍ ይነሳዋል። በመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት የሚጥል በሽታ እንዳለበት ሰው ወድቆ ሊንፈራገጥ ይችላል። ከ2ኛው እስከ 4ኛው ቀን ደግሞ አንዳንዱ ያለበት ቦታ ይጠፋበታል፣ ከሌለ ሰው ጋር ያወራል፣ ግድግዳው ላይ ትል ሲርመሰመስ ይታየዋል፣ ያተኩሰዋል፣ ልቡ በኃይል ይመታል። ይህ ካልታከመ ሊገድል ይችላል።

በ3ኛው ቀን የሚጮኸውን ልጁን ያየ ቤተሰብ «ጂኑ ሊለቀው ነው» ወይም «ርኩስ መንፈሱ ተናገረ» ይላል። ስለዚህ ያስሩታል፣ ያስጾሙታል። ብዙ የሚጠጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በልቶ የሚያድር አይደለም፤ ሰውነቱ ውስጥ ያለው ቫይታሚን ቢ1 ተሟጧል። በዚያ ላይ ጾም ሲጨመርበት አንጎሉ ዳግም እንዳይድን ሆኖ ሊጎዳ ይችላል።

ጸበልንም ዱዓንም እየነቀፍኩ አይደለም። ግሸን ማርያም ወጥቶ፣ ጀማ ንጉሥ ወይም ገታ ዚያራ ሄዶ ልቡ የበረታ ሰው አለ፤ ከመጠጥ ቤት ርቆ መሰንበቱ ራሱ ያግዛል። የምለምነው ቅደም ተከተሉ እንዲስተካከል ነው። የመጀመሪያዎቹን 5 ወይም 7 ቀናት በሐኪም እጅ ይቆይ፤ ከዚያ ጸበሉም ዱዓውም ይቀጥል፣ ሐኪሙ ያዘዘው መድኃኒትም አይቋረጥ። ካህናትና ሼሆች «መጀመሪያ ሐኪም ይየውና አምጡት» ቢሉ የሚሰማቸው ሕዝብ ብዙ ነው፤ ከእኔ ጽሑፍ ይልቅ የእነሱ አንድ ቃል ነፍስ ታድናለች።

ሕክምናው የሚራቀቅ አይደለም። ዋናዎቹ መድኃኒቶች ዳያዝፓምና ቫይታሚን ቢ1 ናቸው። ዳያዝፓሙ መንቀጥቀጡንና መውደቁን ይከላከላል፤ መጠኑ በየቀኑ እየተቀነሰ ይቆማል። ታዲያ ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ ቤት ውስጥ መስጠት ክልክል መሆን አለበት። ከመጠጥ ጋር ሲደባለቅ ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል፣ ራሱም ሱስ ያስይዛል።

የጫቱ ነገር ከዚህ ይለያል። ጫት ማቆም እንደ አረቄው በራሱ አይገድልም፤ ግን ሃራራው፣ ድብርቱና ሌሊት የሚያስጨንቀው ዱካክ ብዙውን ሰው በሳምንቱ ወደ በርጫው ይመልሱታል። ምርቃናውን ለመስበር በጨብሲ የተጀመረ መጠጥ ደግሞ በጊዜ ብዛት ዋናው ሱስ ይሆናል። ሐኪሙ ስለ መጠጥ ብቻ ጠይቆ ጫቱን ካለፈው ሕክምናው ግማሽ ነው።

እስካሁን ሰው የሚያውቀው አንድ መፍትሔ አዲስ አበባ ነው፤ በ1930 ዓ.ም. የተቋቋመው አማኑኤል ሆስፒታል። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፣ መንገዱም በየጊዜው ይዘጋል። እየተንቀጠቀጠ ያለን ሰው አውቶቡስ ላይ አሳፍሮ መላክ በራሱ አደጋ ነው። ደሴ ውስጥ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ያለው ሆስፒታል አለ፤ ወሎ ዩኒቨርሲቲም የሳይካትሪ ባለሙያዎችን ያስተምራል። እኔ የምጠይቀው በደሴም በወልድያም በጠቅላላ ሕክምና ክፍሉ ውስጥ ለዚህ የተለዩ ጥቂት አልጋዎች፣ የማይጓደል ቫይታሚን ቢ1፣ በሽተኛው ከወጣ በኋላም ለወራት በየሳምንቱ የሚያገኘው አንድ ባለሙያ ነው። መንቀጥቀጡ በሳምንት ይበርዳል፤ አምሮቱ ግን ወራት ይወስዳል፣ ሰው የሚሸነፈውም በእነዚያ ወራት ነው።

ነውርን በተመለከተ ወሎ የራሷ ትምህርት አላት። ደሴ አጠገብ ያለው ቦሩ ሜዳ ለረጅም ዘመን የሥጋ ደዌ ሕሙማን የሚታከሙበት ቦታ ነበር። ያ ሕመም እርግማን ይባል ነበር፤ ሰው ከመንደሩ ይገፋ ነበር። ዛሬ በኪኒን የሚድን ሕመም መሆኑን ልጅ ያውቃል። ሱስም ሕመም ነው፣ ይታከማል። ሴት ስትጠጣ ግን ገመናው ይበልጥ ይደበቃል። አረቄ አውጥተው ልጅ የሚያሳድጉ እናቶች መካከል ራሳቸው የተጠመዱ አሉ፤ እነሱን ወደ ሐኪም የሚያመጣቸው ሰው የለም።

ከጦርነቱ በኋላ ጉዳዩ ከብዷል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ሆስፒታሎች ተዘረፉ፣ ሰው ያላሰበውን አየ። እንቅልፍ እንዲወስደው ብቻ የሚጠጣ ሰው አለ፤ የሚያባንነው ነገር ካልታከመለት መጠጡን ብቻ ማስቆም አይዘልቅም።

በጣም ተስፋ የማደርገው በቅሬ፣ ማለትም በእድራችን፣ ነው። ወሎ ውስጥ ሰው ሲሞት ቅሬ ይወጣል፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ሬሳ ይሸኛል፣ ቤተሰቡን ያስተዛዝናል። አባሉ በመጠጥ እየሞተ ሳለስ ለምን አይወጣም? የሆስፒታል መጓጓዣውን ይሸፍን፣ በተራ የሚያስታምመው ሰው ይመድብ፣ ሲመለስም «አብሽር» የሚለው ጎረቤት አይጣ። በማኅበርና በድግስ ላይ «በሞቴ ጠጣ» ማለትም ይቅር፤ ለእሱ ቀሪቦ ወይም ቡና ይቅረብለት። ቀጣሪዎችም የታመመ ሠራተኛ መብት እንዳለው ይወቁ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በሐኪም ማስረጃ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ ያገኛል፤ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ 2 በግማሽ፣ የቀሩት 3 ያለ ክፍያ።

ቤትዎ ውስጥ በየቀኑ የሚጠጣ ሰው ካለና ለማቆም ከወሰነ፣ መጠጡን ከማስቆምዎ በፊት ሆስፒታል ይውሰዱት። መጠጡን አቁሞ ከሆነና ከተንቀጠቀጠ፣ ከወደቀ ወይም ከዘባረቀ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ይግባ። ለሐኪሙ ምን ያህል እንደሚጠጣ፣ የመጨረሻው መቼ እንደነበረ፣ ከዚህ በፊት ሲያቆም ወድቆ ያውቅ እንደሆነ፣ ጫትና ኪኒን ይወስድ እንደሆነ ሳይደብቁ ይንገሩ። ወጥቶ እንደገና ከጠጣም ወደዚያው ባለሙያ ይመልሱት፤ ማገርሸት ከሕመሙ ጠባይ ነው፣ ሐኪሙም ይህን ያውቃል።