የስድስተኛ ክፍል ፈጠራ አልቋል

ቅዳሜ ማታ ልጄ «አባዬ፣ ለሰኞ የፈጠራ ሥራ አምጡ ተብለናል» አለችኝ። መቼ ተባላችሁ? የዛሬ ሁለት ሳምንት። እሺ። ካርቶንና ማስቲሽ ልገዛ ሰፈራችን ያለው ስቴሽነሪ ሄድኩ።

ሻጯ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ «የስንተኛ ክፍል ፈጠራ ነው ጋሼ?» አለች።

«የስድስተኛ።»

«የስድስተኛ አልቋል። የሰባተኛ አለ፣ ይሆናል?»

የሰባተኛ ክፍል ፈጠራ ከፎም የተሠራ የነፋስ ተርባይን ነው። የሚዞረው በባትሪ ነው፤ ነፋስ ቢነካው ይወድቃል። ሰኞ ጠዋት ሁሉም ይቺኑ ታቅፎ ሲመጣ ክፍሉ የአዳማን ኮረብታ ማከሉ አይቀርም። «ልጆቹ ራሳቸው ቢሠሩትስ?» አልኳት። «እሱማ ነጥብ ያስቀንሳል፣ ንጹህ አይሆንም» አለች። ገዛሁ። ምን ላድርግ?

እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመኝ ሰባተኛ ክፍል ትዝ ይለኛል። ይቺን ወሬ ያላወራሁለት ሰው የለም፣ አሁንም ላውራት። የሳይንስ መምህራችን ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ብለው አጻፉን። ከዚያ በዓመት አንዴ የምትከፈተው ላቦራቶሪ ውስጥ፣ እዚሁ አዲስ አበባ፣ ዓይናችን እያየ ውሃ አፈሉ። ቴርሞሜትሩን የማነበው እኔ ነበርኩ። ውሃው ይንተከተካል፣ ቴርሞሜትሩ 92 ላይ ቆሟል። «ቲቸር፣ 92 ነው የሚለው።» «ተበላሽቶ ነው፣ 100 ብላችሁ ጻፉ።» «ግን እኮ...» ከማለቴ ተንበርከክ ተባልኩ። የተንበረከክሁበት ግድግዳ ላይ በቀይ ቀለም ምን ተጽፎ ነበር? «መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ»።

እወደዋለሁ ይህን ተረት። ሊቅ እስኪኮን ጉልበት እንደሚላጥ ግን አይናገርም። ቴርሞሜትሩ ደህና ነበር። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ውሃ 100 ሳይደርስ ይፈላል። ደብረ ብርሃን ባቄላ የቀቀለች እናት ሁሉ ይህን በማገዶዋ ታውቀዋለች። በ100 የሚፈላው ባሕር ጠረፍ ላይ ነው፤ እኛ ደግሞ ባሕሩን ከየት እናምጣው። ፈተናው ላይ ታዲያ ምን ጻፍኩ? 100። አገኘሁ። እስከ ዛሬ የሚያቃጥለኝ መንበርከኩ አይደለም፣ ይሄ ነው።

ይህን ሳወራ አንዱ ተነስቶ «ሽምደዳው እኮ ከቄስ ትምህርት ቤት የመጣ ነው» ይላል። ሌላ ንዴት! ዳዊት በቃል መያዙ እውነት ነው። ቅኔ ቤት ሲገባ ግን ነገሩ ይገለበጣል። የጎጃሞቹን ቅኔ ቤቶች ዋሸራ በሉት ጎንጅ፣ ተማሪው በሁለት ስንኝ ጉባኤ ቃና ይጀምርና እስከ ስምንት ስንኙ መወድስ ይወጣል። ኮቾሮውን እየቆረጠመ፣ ዛፍ ሥር ተቀምጦ አዲስ ቅኔ ይቆጥራል። መምህሩ ፊት ቀርቦ የራሱን ይናገራል። የጓደኛውን ይዞ ቢመጣ ውርደት ነው። «ጉባኤ ቃና አልቋል፣ መወድስ አለ፣ ይሆናል?» የሚል ሱቅ አስቡት እስቲ። አዲስ ነገር ካላመጣህ አታልፍም የሚል ትምህርት ቤት እኮ ከጥንት ነበረን። ዘመናዊ ስንሆን ሽምደዳውን ወስደን ቅኔውን ተውነው።

የ12ኛ ክፍል ነገርማ ባይነሳ ይሻላል። በ2014 ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2፣ በ2017 8.4። ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገባ፣ ኩረጃው ቀነሰ፣ ጉዳችን ወጣ፣ ጥሩ። አገር የተነጋገረው ግን ስለወደቀው ብቻ ነው። ያለፈውስ ምን አድርጎ አለፈ? ትክክለኛዋን ፊደል አጠቆረ። ከአራቱ ምርጫ ውስጥ 92 የለም።

ተርባይኗ! እኔ ይህን ስጽፍ ልጄ ሳሎን ቁጭ ብላ ፈታታዋለች። ዲናሞውን አውጥታ፣ ከሃይላንድ ላስቲክ ክንፍ ቆርጣ፣ ማራገቢያ ሠርታ ድመቷ ላይ ትነፋለች። «አባዬ፣ እየው፣ ይሠራል!» ድመቷም የተመቻት ትመስላለች።

«ይሄ ነጥብ ያሰጣል?» ብዬ ጮህኩባትና ነጠቅኋት።

ስቴሽነሪው እሁድ ይከፍት ይሆን?