እርማት፦ ለመምረጥ 12ኛ ክፍል መጨረስ አያስፈልግም

ሰሞኑን «12ኛን ያልጨረሰ ወጣት የምርጫ ካርድ አይሰጠውም» የሚል ወሬ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዞር አያለሁ። በቅንነት የተባለ መሆኑ ይገባኛል። ግን ስህተት ነው።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 38 የመምረጥ መብት የሚሰጠው 18 ዓመት ለሞላው ኢትዮጵያዊ ነው። የምርጫ አዋጁም (ቁጥር 1162/2011) ዜግነትን፣ ዕድሜንና በምርጫ ክልሉ ቢያንስ 6 ወር መኖርን ይጠይቃል። በፍርድ ቤት መብቱ የተገደበ ሰው ጉዳይ ሌላ ነው። የትምህርት ደረጃ የሚባል መስፈርት ግን የለም። ማንበብ የማይችልም ይመርጣል፤ ድምፅ መስጫ ወረቀቱ ላይ የተወዳዳሪዎቹ መለያ ምልክት መኖሩ ለሱም ይጠቅመዋል።

ወሬው እንዴት እንደተነሳ መገመት አይከብድም። ትምህርት ቤት ልጁን ከምርጫ ጋር ያላምደዋል። የክፍል አለቃ ሲመረጥ እጁን ያወጣ፣ ሲቪክስ የተማረ ልጅ ነገሩን የራሱ ያደርገዋል። ያቋረጠው ራሱን ያገልላል። ይሄ ልማድ ነው እንጂ ሕግ አይደለም።

ባለፈው እዚሁ ጎንደር ፒያሳ ጫማዬን የጠረገልኝ ሊስትሮ 20 ዓመቱ ነው፤ ከ7ኛ ክፍል አቋርጧል። ስለ ምርጫ ሳነሳበት ብሩሹን አቆመና «እኔ መች ተምሬ ጋሼ!» አለኝ። አንቀጹን ከስልኬ አነበብኩለት። ሁለቴ አስደገመኝ። የወሬው ጉዳት የሚያርፈው እሱ ላይ ነው፤ ሳይመዘገብ ቀኑ ያልፍበታል።

ማረጋገጥ የምትፈልጉ አንቀጽ 38ን ራሳችሁ አንብቡት፣ አጭር ነው። ምዝገባ ሲከፈት ደግሞ መዝጋቢዎቹን ጠይቁ።