ሽንት የማይጠይቅ ላቦራቶሪ

ሰሞኑን አንድ የዳገት የብስክሌት ውድድር እያየን ነበር። አሸናፊው መስመሩን ካለፈ ገና ትንፋሹ አልተመለሰም፤ አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ፍርዱን ሰጠ። «ቅመም ነው!» አለ፤ አበረታች መድኃኒት ወስዷል ማለቱ ነው። በቃ። ማኪያቶውን አማስሎ ወደ ስልኩ ተመለሰ።

ይሄን ሰው ታውቁታላችሁ። እናንተም ጋ አንድ አይጠፋም። ሐምሌ ሲመጣ የፈረንሳዩን ትልቅ የብስክሌት ውድድር፣ ቱር ደ ፍራንስን፣ ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው ያያል። ሲያልቅ «ሁሉም ሌቦች ናቸው» ይላል። በዓመቱ ተመልሶ ያንኑ ወንበር ይይዛል። ብዙ ሰው ይሰለቸዋል። እኔ ግን ዛሬ ላመሰግነው ነው። ውለታው ሳይነገርለት ሊያረጅ ነው።

እስቲ አስቡት፤ ዓለም በዚህ ጉዳይ ስንት ገንዘብ ታፈሳለች? ጋላቢው ከእንቅልፉ ይቀሰቀሳል። መርማሪው ዓይኑን ሳይነቅል ቆሞ እያየው ብልቃጥ ውስጥ ይሸናል። ሽንቱ «ኤ» እና «ቢ» ተብሎ ለሁለት ይከፈላል፣ ይታሸጋል፣ ፈቃድ ወዳለው ላቦራቶሪ ይላካል። ኤ ላይ ነገር ከተገኘ፣ ጋላቢው «ቢ ይከፈትልኝ» ማለት ይችላል። ከ2008 ጀምሮ ደግሞ የደም ፓስፖርት የሚባል አለ፤ የአንድን ሰው ደም ለዓመታት እየተከታተለ ያልተለመደ ለውጥ የሚፈልግ። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው፤ ጣጣውም የፈረንጅ ነው።) ከዚያ ጠበቃ አለ፣ ይግባኝ አለ፣ ስዊዘርላንድ ያለ የስፖርት ፍርድ ቤት አለ። ዓመት ሁለት ዓመት ይፈጃል።

ዶክተሬ (ማዕረጉን የሰጠሁት እኔ ነኝ) ይሄ ሁሉ አያስፈልገውም። የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ «ማሊያው የየትኛው ቡድን ነው?» የሚጠላው ቡድን ከሆነ ምርመራው አልቋል። የሚወደው ቡድን ከሆነም አልቋል፤ የልጁ ደም እንደ ጠበል የጠራ ነው። ሽንት የለ፣ መርፌ የለ፣ ይግባኝ የለ። እንዲህ ያለ ባለሙያ ይዘን ለላቦራቶሪ ገንዘብ መክፈላችን ይገርመኛል።

ሒሳብ አዋቂውንም ሳላመሰግን አላልፍም። እሱ ዝም ብሎ አይፈርድም፤ ይለካል። ዳገቱ ሲጀምር የስልኩን ሰዓት ይጫናል፣ ጫፍ ላይ ሲደርሱ ያቆማል። የጋላቢውን ኪሎ ከኢንተርኔት ያመጣል፤ ልጁ ቁርስ በልቶ ይሁን ሳይበላ አይጨነቅም። ነፋሱን ደግሞ ከቴሌቪዥኑ ያነበዋል፤ መንገድ ዳር የቆመ ተመልካች የያዘው ባንዲራ ወዴት እንደተውለበለበ አይቶ። ከዚያ መልሱ ይመጣል። ጋላቢው ለእያንዳንዱ የሰውነቱ ኪሎ ያወጣው ጉልበት፤ ስድስት ነጥብ ምናምን ዋት በኪሎ፣ እስከ ሁለት የነጥብ ቤት ድረስ። «ይሄ ሰው አይደለም» ይላል። ይሄው ሊቅ በየወሩ የመብራት ቆጣሪ ማንበብ አቅቶት ከአከራዩ ጋር ይጣላል።

በ2024 ፕላቶ ደ ቤይ በሚባለው ዳገት ላይ የስሎቬኒያው ታዴይ ፖጋቻር የጣልያኑ ማርኮ ፓንታኒ በ1998 ያስመዘገበውን ሰዓት ከሦስት ደቂቃ በላይ ቀነሰው። ቁጥሩ አንድ ነው። ግማሹ ደጋፊ «የ1998ቱን ሰዎች ያሸነፈ ሰው ምን ወስዶ ይሆን?» አለ። ግማሹ ደግሞ «ብስክሌቱ ሌላ፣ ጎማው ሌላ፣ ምግቡ ሌላ» አለ። እውነት ለመናገር ሁለቱም ፍሬ ያለው ነገር ነው የተናገሩት። ያ ዘመን የኢፒኦ፣ ቀይ የደም ሴል የሚያበዛው መድኃኒት፣ ዘመን ነበር። የዛሬ ጋላቢዎች ደግሞ እየጋለቡ በሰዓት ከ100 ግራም በላይ ካርቦሃይድሬት ይወስዳሉ፤ ያኔ እንዲህ አልነበረም። ፖጋቻር ላይ በምርመራ የተገኘ ነገር የለም። በሌላ በኩል አሜሪካዊው ላንስ አርምስትሮንግም ከ1999 እስከ 2005 ምርመራውን እያለፈ ቱሩን ሰባት ጊዜ አሸንፎ፣ በ2012 ሰባቱንም ተነጥቆ፣ በ2013 ቴሌቪዥን ላይ ወጥቶ አምኗል። ስለዚህ ጤነኛ ሰው «እንጃ» ይላል። የእኛ ደጋፊ ግን «እንጃ» የምትለዋን ነገር ከአፉ አውጥቷት አያውቅም። እጁን ደረቱ ላይ አጣጥፎ ያውቃል። በቃ፣ ያውቃል።

አሁን ወደ ልቤ ሰው ልምጣ። ወደ አማኙ።

አማኙ የወደደው ጋላቢ ተይዞም አይደነግጥም። ምክንያት እስኪመጣ ይጠብቃል። ምክንያቱ ይመጣል፤ ይውጠዋል። በ2004 የሌላ ሰው ደም ተገኝቶበት የተያዘው አሜሪካዊ፣ ከመወለዱ በፊት እናቱ ማኅፀን ውስጥ ስለጠፋ መንታ ወሬ መጣለት። በ2010 የቱሩ አሸናፊ ከስፔን የመጣ ሥጋ በላሁ አለ። በ2002 አንድ ጣልያናዊ ኮኬይን ሲገኝበት አክስቴ ከፔሩ ያመጣችልኝ ከረሜላ ነው ብሎ ነበር፤ እሱን እንኳን ነጻ ለቀቁት። በ2006 አሸንፎ ቴስቶስትሮን የሚባለው የወንድ ሆርሞን ለተገኘበት ፍሎይድ ላንዲስ ደግሞ ደጋፊዎች ለጠበቃ ገንዘብ አዋጡለት። በ2010 «አዎ፣ እወስድ ነበር» አለ። በ2012 ለአዋጪዎቹ እንዲመልስ ተወሰነበት፤ ከ1,700 በላይ ሰዎች፣ 478 ሺህ ዶላር ገደማ። እነዚህን ሰዎች ሳስብ ኮፍያዬን አወልቃለሁ። ሰው በነጻ መታለል ሲችል ከፍሎ ሲታለል የተለየ ክብር አለው።

ግን ከሁሉም የምወደው የአማቲቱን ታሪክ ነው።

ዓመቱ 2002። የቱሩ የመጨረሻ ቀን። አንድ የሊቱዌኒያ ጋላቢ ፓሪስ ላይ ሦስተኛ ሆኖ መድረክ ወጣ። በዚያው ቀን ሚስቱ በመኪና ስትጓዝ ሻሞኒ አጠገብ የፈረንሳይ ጉምሩክ አስቆማት። መኪናው ሲፈተሽ ኢፒኦ ተገኘ። ቴስቶስትሮን ተገኘ። የዕድገት ሆርሞንም ተገኘ። ምንድን ነው ይሄ ሁሉ? «የእናቴ መድኃኒት ነው» አለች።

አማኙ ይሄን ሰምቶ ምን አለ? «ታዲያ ሰው አማቱን አያሳክምም?»

እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ እኚህ እናት አስባለሁ። ምን ቢያማቸው ነው? ኢፒኦው ቀይ የደም ሴል ያበዛል፤ ለረጅም ዳገት ይጠቅማል። ይሁን። ግን የሊቱዌኒያ ትልቁ ኮረብታ 300 ሜትር አይሞላም። እማማ የት ሊወጡ ነው? ገበያ ደርሰው ሲመለሱ ጎረቤቶቻቸው ገና ጫማ እያሰሩ መሆን አለበት። ቴስቶስትሮኑስ? ምናልባት ቁም ሣጥኑን ብቻቸውን ማንሳት ፈልገው ይሆናል። የዕድገት ሆርሞኑ ነው የሚያስቸግረኝ። በዚያ ዕድሜ ቁመት ሊጨምሩ ነው? ለልጅ ልጃቸው ሰርግ ቀሚስ ካስለኩ በኋላ ቢያድጉስ? ሰፊዋን ማን ያስረዳታል?

አማቹንም አድንቁልኝ። የኛ ሰው አማቱ ጋ ሲሄድ አንድ ኪሎ ቡና፣ ስኳር፣ ከበዛ ጋቢ ነው የሚይዘው። ይሄኛው ሦስት ሳምንት ሙሉ በተራራ ላይ እየተንከራተተ፣ በየማታው እግሩን እያሻሸ፣ ልቡ ግን አማቱ ጋ ነበር። የሚገርመው የሁለቱ ሕመም መመሳሰሉ ነው። ያቺ አንድ እናት በዓለም ላይ ካለ መድኃኒት ሁሉ የሚያስፈልጋቸው፣ አማቻቸው በዚያው ሳምንት አልፕስን ለመውጣት ቢወስድ የሚጠቅመው ዓይነት ብቻ ሆነ። ለራስ ምታት የሚሆን የለም። ለወገብ የለም። ለደም ግፊት እንኳን የለም! ለአቅመ ደካማ ሴት ያዘዘ ሐኪም ከአልጋ ተነሥተው እንዲሄዱ ሳይሆን ሰላሳ ጋላቢ ከኋላቸው ጥለው እንዲጠፉ ነው ያዘዘላቸው። እኔን ቢጠይቁኝ ቢጫውን የመሪ ማሊያ እሳቸው ነበሩ መልበስ ያለባቸው። ቡድኑ የተሳሳተ ሰው ነው ያስጋለበው።

እዚህ ላይ ላቆም ነበር፤ ግን ሳልናገር የማልችለው አንድ ነገር አለ። ሚስቱ ፈረንሳይ ስትታሰር ባልየው ወደ ፈረንሳይ ድርሽ አላለም። በዓመቱ በጣልያኑ ትልቅ ውድድር፣ ጂሮ ዲ ኢታሊያ ላይ፣ ኢፒኦ ተገኘበት። በ2006 ፍርድ ቤቱ በሁለቱም ላይ የገደብ እስራት ፈረደ። ሦስተኛነቱ ግን መዝገብ ላይ አለ። መድኃኒቱም ተወሰደ። ይሄን ሁሉ ዓመት «እማማ እንዴት ሆኑ?» ብሎ የጠየቀ አንድም ደጋፊ አላጋጠመኝም። ጨካኞች።

አሁን ቀልዱን ልተወው።

ክሪስቶፍ ባሶን የሚባል ፈረንሳዊ ነበር። በ1998 የፌስቲና ቡድን ወጌሻ ኢፒኦ የሞላበት መኪና ይዞ ከቤልጅየም ሲገባ ድንበር ላይ ተይዞ ቱሩ ሲታመስ፣ ባሶን የዚያው ቡድን ልጅ ነበር። የቡድን ጓደኞቹ ራሳቸው «እሱ አይወስድም» ብለው መሰከሩለት። በ1999 ቱሩ ላይ እየጋለበ ለጋዜጣ እውነቱን ጻፈ፤ አልተለወጥንም አለ። ያኔ ቢጫ ማሊያ የለበሰው አርምስትሮንግ መንገድ ላይ ተጠግቶ ወደ ቤትህ ሂድ አለው። ጋላቢው ሁሉ ፊቱን አዞረበት። ውድድሩን ሳይጨርስ ወጣ። በ2001 ብስክሌቱን ሰቀለ።

«ሁሉም ይወስዳሉ» የምትለው ሰውዬ፣ ሁሉም አልወሰዱም! ያልወሰደው ሲባረር የት ነበርክ? ስሙን ታውቀዋለህ? አታውቀውም፤ አርባኛ የሚወጣ ሰው አይታይህም። «ሁሉም» ማለት የሚመችህ ለዚህ ነው። ሁሉም ካጠፋ አንተ ምንም አላጎደልክም፤ ማጨብጨብህን ትቀጥላለህ። ቶም ሲምፕሰን በ1967 አምፌታሚን ወስዶ ሞን ቫንቱ ዳገት ላይ ወድቆ ሞተ፤ 29 ዓመቱ ነበር። ፓንታኒ በ1999 ጂሮውን እየመራ በደሙ ውስጥ ያለው የቀይ ሴል ድርሻ ከተፈቀደው 50 በመቶ አልፎ 52 ተገኝቶ ተባረረ፤ በ2004 ሪሚኒ ውስጥ ሆቴል ክፍሉ ብቻውን ሞቶ ተገኘ። 34 ዓመቱ። ደጋፊው ለሁለቱም ድንጋይ አቆመላቸው። ከዚያ ድንጋዩ አጠገብ ፎቶ ተነሥቶ «ድሮ ቀረ ወኔ!» ይላል። የገደላቸውን ነገር ወኔ ብሎ ይናፍቀዋል።

እሺ። ተመልሻለሁ።

በዚህ በኩል እኛም ከማንም አናንስም። በ2016 ጽጋቡ ግርማይ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኖ ቱሩን ሲጀምር፣ ዋናው ጥያቄያችን «ለምን አላሸነፈም?» ነበር፤ ደግነቱ ማንም ደሙን አልጠረጠረም። በ2024 የአስመራው ቢኒያም ግርማይ ቱሩ ላይ የሦስት ቀን ውድድሮችን አሸንፎ አረንጓዴውን የነጥብ መሪ ማሊያ ሲወስድ ደግሞ ያ ዓመቱን ሙሉ «ሁሉም ይወስዳሉ» ሲል የከረመ ዶክተሬ ላቦራቶሪውን ዘግቶ ሲጨፍር አየሁት። እኔም ጨፍሬያለሁ፤ ልጁ ይገባዋል። ግን «ሁሉም» ያልከው ሰኔ ላይ አልነበረም? «ይሄማ የደጋ ልጅ ነው» አለኝ። ለካ ቅመሙ የሚሠራው ከባሕር ጠለል አጠገብ ለተወለደ ብቻ ነው።

ሩጫ ላይማ ተወልደንበታል። የጎረቤት አገር ሯጭ ሲታገድ «አላልኳችሁም?» እንላለን። የኛ ሯጭ ሲታገድ «ሴራ ነው፣ ቀንተው ነው» እንላለን። የነሱ ፍጥነት መርፌ ነው። የኛ ጤፍ ነው። ሁለቱም አገር ደጋ መሆኑን በዚያ ሰዓት የሚያስታውስ የለም።

ስለዚህ ለሚመለከተው አካል ሐሳብ አለኝ። ብልቃጡ ይቅር። የደም ፓስፖርቱም ይቅር። በ2016 የአንዲት ወጣት ቤልጅየማዊት ብስክሌት ውስጥ ሞተር ከተገኘ በኋላ፣ ከ2018 ወዲህ ብስክሌቶች በኤክስሬይም ይታያሉ፤ እሱም ይቅር። በምትኩ ዶክተሬ ይቀጠርልን። መጨረሻው መስመር ላይ ወንበር ይቀመጥለት፣ ማኪያቶ ይቅረብለት። አሸናፊው ሲያልፍ ቀና ብሎ አይቶ ወይ «ቅመም» ወይ «ጎበዝ» ይበል። ደመወዝ አይጠይቅም፤ ይሄን ሥራ እስከ ዛሬም በነጻ ነው ሲሠራ የኖረው።

አንድ ችግር ብቻ ነው ያለው። የሚወደው ልጅ ገና ዳገቱ ላይ ሲመራ ዶክተሬ ሰዓቱን አይቶ ይነሣና ፈቃድ ይጠይቃል። አማቱ ታመዋል።